ሰብዉፈሩ ለምን አልመታም ነበር?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በመኪናዬ ስወርድ ከኋላዬ የሚሰማኝ የቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። 300 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር፣ ገዝቼ ከቴፑ የስፒከር ሽቦ ጋር በቀጥታ አገናኝቼዋለሁ፤ «አምፕሊፋየር (ለስፒከር ኃይል የሚጨምር መሣሪያ) አያስፈልገውም» ያለኝን ሻጭ አምኜ። ሞኝነቴ!

መኪናውን ያየልኝ ወጣት ኤሌክትሪሻን ሣቀ። «ጋሼ፣ ቴፑ እኮ በአንድ መስመር ከ20 ዋት ብዙም አያልፍም» አለኝ። አምፕሊፋየር ውስጡ የተገጠመለት ሰብዉፈር የራሱ የኃይል ሽቦ መግቢያ አለው። የእኔው ያለው ሁለት የስፒከር ማሰሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ አምፕሊፋየር ተጨመረ። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ሳብን፤ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ገባበት። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ የመኪናውን አካል ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዙ ብቻ እንዲሆን ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው መኪናውን አይወድም። ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ መጣ፤ ቴፑ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም አብሮ ይጠፋል። ያለዚያ ባትሪው አልቆ ያድራል።

ድምፁ መጣ። ነገር ግን ሞተሩ ሲነሳ አብሮት «ዚዚዚ» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ይቀጥናል። ግማሽ ቀን የበላብኝ ይህ ነው። ለካ ከአምፕሊፋየሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ኔጋቲቭ ሽቦ የታሰረው ባዶ ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ኖሯል። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጌ ብሎኑን አጠበቅሁት። ጩኸቱ ጸጥ አለ።