አየር ላይ ስድብ ሲወጣ፦ ለኤፍኤም ጣቢያ ኃላፊዎችና ለተረኛ አዘጋጆች

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሬዲዮ ከሆነማ ከተማው ታክሲ ሁሉ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጣቢያው እጅ ነው።

መጀመሪያ ማይኩን ይረከቡ። ተናጋሪው ስልክ የደወለ አድማጭ ከሆነ መስመሩ ይዘጋል፤ አቅራቢው ራሱ ከሆነ ቴክኒሺያኑ ዘፈን ይልቀቅና ሌላ ሰው ይግባ። ሰውዬው «ምንም እንዳልተፈጠረ» ሆኖ እንዲቀጥል መተው ነው ትልቁ ስህተት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 አሜሪካ ውስጥ የሲንሲናቲ ሬድስን የቤዝቦል ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረው ቶም ብሬናማን፣ ማይኩ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ ግብረ ሰዶማውያንን የሚያንቋሽሽ ቃል ተናገረ። ማስተላለፉንም ቀጠለ። ቆይቶ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ኳሷ ተመትታ ከሜዳ ወጣች፤ ይቅርታውን በመሃል አቋርጦ እሷን አበሰረ። ሰው እስከ ዛሬ የሚቀልደው በዚያች ቅጽበት ነው። ያኔውኑ ታገደ፣ በቀጣዩ ወር ሥራውን ለቀቀ።

ቀጥሎ ቅጂው። ከንግግሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ ሳይቆርጡ ያውጡና ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የተባለውንም ቃል በቃል ከነሰዓቱ ይጻፉ። ዋናውን ቅጂ ማጥፋት አይታሰብም፤ ነገ ቅሬታ ሲቀርብ ጣቢያውን የሚከላከልለት ማስረጃ እሱ ነው። የሌሊቱን ድጋሚ ስርጭት ግን ወዲያውኑ ያስቁሙ። ብዙ ጣቢያ የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፦ ጠዋት የወጣው ስድብ በስህተት ነው ይባላል፣ ማታ ሲደገም ግን ማንም አያምንም። ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ የተጫነውንም አይርሱ።

አሁን ንግግሩን ይመዝኑ። ያልበሰለ ቀልድ፣ በስም የተጠራ ሰው ላይ የተሰነዘረ ስድብና ጥላቻ አንድ አይደሉም። ሦስተኛው ከጣቢያው ደንብ ያልፋል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ላይ ጥላቻን፣ መድልኦን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሳሳ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። አዋጁ ለትምህርትና ምርምር፣ ለዜና ትንታኔ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት አስተምህሮ የተለየ ቦታ ይሰጣል። ንግግሩ እዚህ ወሰን አካባቢ ከደረሰ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ መግለጫ አያውጡ።

ይቅርታው በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት፣ መግቢያው ላይ፣ በተናጋሪው በራሱ ድምፅ ይሁን። ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ማን እንደተሰደበ ይጠቀስ፣ ስድቡ ግን አይደገም። «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ» የሚለውን ሐረግ ከጽሑፉ ይሰርዙት፤ ጥፋቱን ሰሚው ላይ ይጥላል። ከአየር ውጭም ለተሰደበው ሰው ስልክ ይደወልለት።

መዘግየትም ዋጋ አለው። አሜሪካዊው የሬዲዮ አቅራቢ ዶን አይመስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2007 የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን በዘርና በጾታ ሰደበ፤ በማግስቱ ነገሩን አቃለለው፣ በሁለተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀ። የሁለት ሳምንት እገዳ ቢታወጅበትም ስፖንሰሮች መውጣት ጀመሩ፤ በስምንተኛው ቀን አሠሪው ሲቢኤስ አሰናበተው።

የዲሲፕሊን እርምጃ በንዴት አይወሰድ። አቅራቢው ቅጂውን ሰምቶ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። የግል ጣቢያ ተቀጣሪ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት ምክንያቱ ከታወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል። የአየር ሰዓት ገዝቶ ለሚሠራ ተባባሪ አዘጋጅ ይህ አይሠራም፤ የሚገዛው ውሉ ነው። ስለዚህ የማገድና ውል የማቋረጥ አንቀጽ ከመጀመሪያው ይግባ።

ማን እንዳሳለፈውም ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዛውያኑ አቅራቢዎች ራስል ብራንድና ጆናታን ሮስ በአንድ አዛውንት ተዋናይ ስልክ ላይ የተዉት ጸያፍ መልእክት በቢቢሲ ሬዲዮ 2 የተላለፈው ተቀርጾ ነው፤ ማለትም የሚቆርጠው ሰው ጊዜ ነበረው። ብራንድ ለቀቀ፣ ሮስ ለ12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ታገደ፣ የጣቢያዋ ኃላፊም ወንበሯን አጣች። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ቢቢሲን 150,000 ፓውንድ ቀጣ።

ስልክ የሚቀበል ፕሮግራም ያለው ጣቢያ ዲሌይ ይግዛ፤ ስርጭቱን ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ነው። የመቁረጫ ቁልፉ አቅራቢው እጅ ብቻ አይሁን፤ እሱ እየተከራከረ ነው፣ አይሰማም። የኢንተርኔት ስርጭቱ ከዲሌዩ በፊት ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) የሚወጣ ከሆነ መሣሪያው ትርጉም የለውም፤ ኤፍኤሙ ላይ የተቆረጠው ስድብ ፌስቡክ ላይ ይሰማል። አድማጩም የቤቱን ሬዲዮ ይዝጋ፣ ያለዚያ የራሱ ድምፅ ዘግይቶ እየመጣ ያደናግረዋል። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ የተጠራቀመው ሰከንድ ያልቃል ወይም ይጎድላል፤ መሣሪያው መልሶ እስኪሞላ ድረስ ሁለተኛ ስልክ አያስገቡ።