የአሜሪካ ዲስፓቸር ፈተና፦ ፈታኝ ላይ የምትሳሳቱት

እዚህ አሜሪካ የዲስፓቸር (መሬት ላይ ሆኖ የአየር መንገድ በረራ የሚያቅድና የሚከታተል ባለሙያ) ኮርስ የምትወስዱ ልጆች ስለ አየር ጠባይና ስለ ነዳጅ ስሌት እስኪሰለቸኝ ትጠይቁኛላችሁ፣ ማን እንደሚፈትናችሁ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ትዝ አይላችሁም። ገንዘብ የሚያስበላችሁ ደሞ እሱ ነው። ስህተቶቻችሁ እነዚህ ናቸው።

ላይሰንስ ያለው ሁሉ ይፈትናል ማለት። አይፈትንም! ሃያ አመት ዴስክ ላይ ቢቀመጥም። የሚፈትነው ወይ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ኢንስፔክተር ነው፣ ወይ ኤፍኤኤ በፓርት 183 (ስለ ውክልና በሚናገረው የአቪዬሽን ደንብ ክፍል) ለዚሁ ስራ የወከለው የዲስፓቸር ኤግዛሚነር ነው። ውክልናው ጊዜው ያልፋል፣ ኤፍኤኤም ሲፈልግ ያነሳዋል፣ ስለዚህ "አምና ጓደኛዬን ፈትኖታል" ማለት ዘንድሮ ይፈትናል ማለት አይደለም። ፓይለት የሚፈትን ሰውም ለዲስፓቸር ካልተወከለ አይሆንም።

ያስተማራችሁን ሰው "እሱ ይፈትነኛል" ብሎ መቀመጥ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አልቋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኤግዛሚነር አለ ማለት እናንተን ይፈትናል ማለት አይደለም፣ ፈታኙ እኮ እዛች ወንበር ላይ የተቀመጠው የኤፍኤኤ አይን ሆኖ ነው፣ የራሱን ማስተማር ራሱ ከፈተነ ምኑን ፈተና ሆነ? አንድ ልጅ ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ሄደ፣ ፈታኙ ወረቀቱን እያገላበጠ "ማነው ያስተማረህ?" ሲለው በደስታ "ቅዳሜና እሁድ ሪቪው የሰጠኸኝ አንተ ነህ እኮ!" አለው። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ስለነበር ሰውየው አላስታወሰውም። ዶሴውን ዘግቶ ሸኘው። የትኬትና የሆቴሉ ብር ውሃ በላው። በአንድ ኢሜይል የሚያልቅ ነገር ነበር፦ ገና ስትመዘገቡ "ማን ያስተምረኛል፣ ማን ይፈትነኛል" ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ስሙ አንድ ከሆነ ኤፍኤኤ ማወቁንና መፍቀዱን አረጋግጡ።

ሳያረጋግጡ መክፈል። ኤፍኤኤ ዌብሳይት ላይ የተወከሉ ፈታኞች መፈለጊያ አለ። የላይሰንስ መፈለጊያው ሌላ ነው፣ አታምታቱት።

"ፈታኙ ያልፍልኛል" ማለት። ምንም አያልፍላችሁም። ለጽሁፍ ፈተናው 21 አመት፣ ለሰርተፍኬቱ (ለላይሰንሱ) 23። ለፕራክቲካሉ (ፈታኙ ለሚሰጣችሁ የተግባር ፈተና) ስትቀርቡ የጽሁፍ ፈተና ውጤታችሁ 24 ወር ያላለፈው መሆን አለበት፣ የኮርስ ማጠናቀቂያ ወረቀታችሁም ከ90 ቀን በላይ ከቆየ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ያድስላችሁ። የኛ ልጆች ደግሞ ስም ላይ ነው የምንቸገረው፣ አያክራ (የኤፍኤኤ የኦንላይን ማመልከቻ) ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይሞላል፣ መታወቂያው ላይ ያያት ስም ይወጣል፣ ፈታኙ ፊት ስታስረዱ ከመዋል ከቤት አስተካክሉት።

ቀላል ፈታኝ ማሳደድ። ሁሉም የሚፈትነው በአንድ ስታንዳርድ ነው። ከወደቃችሁ 30 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ካልሆነ ላይሰንስ ያለው ዲስፓቸር የወደቃችሁበትን መልሶ አስተምሮ መፈረም አለበት። የኤፍኤኤ ኢንስፔክተር አያስከፍልም፣ ቀጠሮ ማግኘቱ ነው ጭንቁ። ኤግዛሚነር ግን ዋጋውን ራሱ ነው የሚተምነው፣ ድጋሚ ፈተና ስንት እንደሆነም ገና ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁት፣ ከወደቃችሁ በኋላ ስለ ዋጋ ለመከራከር ወኔውም አይኖራችሁም።