የተዘጉ የብሪታንያ ባቡር መስመሮችን ቅሪት ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ብሪታንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ23 ሺህ ማይል በላይ የባቡር መስመር ነበራት፣ ዛሬ ከዛ ውስጥ ግማሹ እንኳን አይሰራም። የቀረው የት ገባ ካላችሁ አብዛኛው እዛው ቦታው ላይ አለ፣ በእርሻ መሃል፣ ከሱፐርማርኬት ጀርባ፣ ጫካ ውስጥ፣ የሳይክል መንገድ ሆኖ። ሰው ግን በአጠገቡ እያለፈ አያየውም፣ ወይ ደሞ ሊያይ ይወጣና የማይሆን ቦታ ገብቶ ይቸገራል። እኔ ይሄን ነገር በጣም እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ሰዎች ሲሳሳቱ ደጋግሜ የማያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሐዲድ መፈለግ ነው። መስመር ሲዘጋ ቀድሞ የሚነሳው እኮ ሐዲዱ ነው፣ ብረት ገንዘብ ስለሆነ ተቆራርጦ ይሸጣል፣ ከስሩ ያለው እንጨትም ይነሳል፣ ብዙ ቦታ ጠጠሩ ራሱ ተጭኖ ሄዷል። ማንም ጭኖ የማይወስደው አፈሩን ነው። ባቡር ዳገት አይችልም፣ ስለዚህ የድሮዎቹ መሐንዲሶች ኮረብታ ሲያጋጥማቸው ቆርጠውት አለፉ፣ ሸለቆ ሲያጋጥማቸው አፈር ቆልለው ወይ ድልድይ ሰርተው ተሻገሩ፣ እና ያ የተቆረጠውና የተቆለለው መሬት ሐዲዱ ከተነሳ ከ60 ዓመት በኋላም ቁጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አይናችሁን ማስለመድ ያለባችሁ ቅርፅ ላይ ነው። ወጣ ገባ በሆነ አገር መሃል ከመጠን በላይ ደልዳላ የሆነ መስመር ካያችሁ፣ የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ እሱ ግን ሰፊና ለስላሳ ኩርባ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ በሁለቱም ጎኑ እኩል ርቀት ጠብቀው የሚሄዱ የዛፍ አጥሮች ካሉ፣ ጠርጥሩ። የመኪና መንገዱ ድንገት ጉብ ብሎ ድልድይ ላይ ይወጣና ከስሩ ወንዝም መንገድም ከሌለ በቃ እሱ ነው። በመንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የድንጋይ ግንቦች ካያችሁም ላያቸው ላይ የነበረው የብረት ድልድይ ተነስቶ ሄዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱም ልጨምር፣ በሐምሌ መሄድ አያዋጣም። ቅጠሉና እሾሁ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ዛፉ ራቁቱን ሲሆን የመሬቱ ቅርፅ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፣ ወፎችም እንቁላል ላይ ስለማይሆኑ አትረብሿቸውም።

ሌላው ስህተት ስልካቸው ላይ ያለውን ካርታ ብቻ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። የስልክ ካርታ የተዘጋ መስመር ብዙም አያሳይም። የብሪታንያ ካርታ ሰሪ መስሪያ ቤት የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ የእግረኛ ካርታ የፈረሱ መስመሮችን ጽፎ ያሳያል፣ እሱ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ትልቁ ሀብት ያለው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተመጻሕፍት ድረገጽ ላይ ነው፣ ነፃ ነው፣ ስሙ ስኮትላንድ ይበል እንጂ እንግሊዝንና ዌልስንም ይሸፍናል፣ የድሮውን ካርታና የዛሬውን የሳተላይት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያችኋል። ጣቢያው፣ የእቃ መጫኛው ጓሮ፣ የበር ጠባቂው ቤት፣ ሁሉም በስሙ ተፅፎ አለ። ላይዳር የሚባለውንም ልመዱት፣ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ቅርፅ ነው፣ ዛፉን ገፍፎ አፈሩን ብቻ ስለሚያሳይ ታርሶ የጠፋ መስመር እንኳን እንደ ጠባሳ ይታይበታል።

ካርታው ላይ ደሞ መስመር የመሰለ ነገር ሁሉ ባቡር አይደለም። የተዘጋ ቦይም ደልዳላ ሆኖ ይሄዳል፣ በፈረስ የሚጎተት የጥንት የማዕድን መስመርም አለ። የመጨረሻዎቹን መሬት ላይ የምትለዩት በድንጋዩ ነው፣ መሃላቸው ላይ ቀዳዳ ያለባቸው አራት ማዕዘን ድንጋዮች በሁለት ረድፍ ካያችሁ ያኔ ሐዲዱ በእንጨት ፋንታ የታሰረባቸው ናቸው። ዴቨን ውስጥ ሄይቶር ላይ ደሞ በ1820 የተከፈተ መስመር አለ፣ ሐዲዱ ራሱ ከግራናይት ድንጋይ የተጠረበ ነው፣ ድንጋይ ስለሆነ ማንም ለብረት ብሎ አልወሰደውም፣ እስካሁን ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይታያል፣ መገንጠያው ሳይቀር። ሐዲድ አትፈልጉ ያልኩት እዚህ ቦታ ላይ አይሰራም።

ሶስተኛው ስህተት ሁሉንም ነገር ቢቺንግ ላይ መለጠፍ ነው። የብሪታንያ ባቡር መስሪያ ቤት ሊቀመንበር የነበረው ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ በ1963 ባወጣው ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎችና ወደ 5,000 ማይል የሚጠጋ መስመር እንዲዘጋ ሀሳብ አቀረበ፣ እውነት ነው፣ ሰውየው ብዙ ከተሞችን ያለ ባቡር አስቀርቷል፣ በዛ የሚያዝን ሰው ትክክል ነው። ግን ከሱ በፊትም ብዙ ሺህ ማይል ተዘግቶ ነበር። ሰሜን ለንደን ከፊንስበሪ ፓርክ በሃይጌት በኩል ወደ አሌክሳንድራ ፓላስ ይሄድ የነበረው መስመር ተሳፋሪ ማጓጓዝ ያቆመው በ1954 ነው፣ ከቢቺንግ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እንደውም ኖርዘርን ከሚባለው የለንደን የምድር ባቡር መስመር ጋር ሊቀላቀል ስራው ከተጀመረ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስቁሞት ነው እንደዛ ሆኖ የቀረው። በሌላ በኩል ደሞ ኦክስፎርድን ከካምብሪጅ የሚያገናኘው መስመር ቢቺንግ ይዘጋ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አልነበረም፣ ግን በ1967 መጨረሻ አብዛኛው ክፍሉ ተዘጋ። ይሄን የምለው ለሰውየው ጥብቅና ለመቆም አይደለም፣ የተዘጋበትን ትክክለኛ ዓመት ካላወቃችሁ ትክክለኛውን ካርታ መምረጥ አትችሉም፣ ያያችሁትንም ነገር መረዳት አትችሉም። በ1930ዎቹ የተዘጋ መስመርና በ1981 የተዘጋ መስመር መሬት ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነገር በጣም ይለያያል።

አራተኛው፣ ከተዘጋ ነፃ ነው ብሎ መግባት። ይሄ ከባድ ስህተት ነው። መስመሩ ሲዘጋ መሬቱ ተቆራርጦ ተሸጧል፣ አንዱን ቁራጭ ገበሬ ገዝቶታል፣ አንዱ የሰው ጓሮ ሆኗል፣ አንዱ ላይ ፋብሪካ ቆሟል፣ ስለዚህ ሁለት ኪሎሜትር በነፃነት የሄዳችሁበት መንገድ ድንገት የሰው ግቢ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ካርታው ላይ የህዝብ መሄጃ ተብሎ ካልተመለከተ ወይም በይፋ ለህዝብ ካልተከፈተ በስተቀር ፈቃድ ጠይቁ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ በትህትና የጠየቀን ሰው ብዙ ገበሬ እሺ ይላል፣ አንዳንዱማ ራሱ ወስዶ ያሳያችኋል። ስኮትላንድ ይለያል፣ በ2003 በወጣው የመሬት ህግ መሰረት ስነስርዓት ጠብቃችሁ እስከሄዳችሁ ድረስ አብዛኛው መሬት ላይ መራመድ መብታችሁ ነው፣ የሰው ቤት ጓሮ ግን እዛም አይፈቀድም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። ሐዲድ አለ፣ ግን ዝጓል፣ ሳር በቅሎበታል፣ ባቡር ሲያልፍ ያየ የለም፣ ስለዚህ ሞቷል ብሎ ላዩ ላይ መሄድ። በፍፁም እንዳታደርጉት። እንደዚህ አይነት መስመር ብዙ ጊዜ በህግ አልተዘጋም፣ ስራ አቁሞ የተቀመጠ ነው፣ ላዩ ላይ መገኘት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል፣ ደሞም አንድ ቀን ባቡር ይመጣል። ኦክሃምፕተንን እዩ፣ መደበኛ የተሳፋሪ አገልግሎት በ1972 ቆመ፣ ሐዲዱ ግን ለሜልደን የድንጋይ ካባ ሲባል ሳይነሳ ቀረ፣ በህዳር 2021 ባቡሩ ተመለሰ። አሺንግተንም ከ1964 ጀምሮ ጭነት ብቻ ሲያልፍባት ኖራ በ2024 መጨረሻ ተሳፋሪ መቀበል ጀመረች። በጎ ፈቃደኞች በእንፋሎት የሚያንቀሳቅሷቸው የቅርስ መስመሮችም አሉ፣ በስራ ቀን ፀጥ ብለው የተተዉ ይመስላሉ፣ አይደሉም።

ዋሻ። ዋሻ ላይ ሰው ይሞኛል፣ ስለዚህ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው፣ በሩ የታጠረ ዋሻ ውስጥ አትግቡ። ውሃ ያጠራቀመ አለ፣ ጣሪያው የሚረግፍ አለ፣ አየሩ የማይሆን አለ፣ ስልክ አይሰራም። ዮርክሻየር ያለው የኩዊንስበሪ ዋሻ 2,501 ያርድ ነው፣ በ1956 ተዘግቶ አንዱ ጫፉ በውሃ ተሞልቶ ኖሯል። በዉድሄድ በኩል ደሞ በ1950ዎቹ የተሰራው ዋሻ ባቡሩ በ1981 ካቆመ በኋላ ዛሬ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው ያለበት። የሌሊት ወፍም አለ፣ ብሪታንያ ውስጥ የሌሊት ወፍ በሙሉ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ማደሪያውን መረበሽ ያስቀጣል፣ የሃይጌት ዋሻዎች በር የተዘጋውም ለነሱ ነው። ዋሻ ማየት የፈለገ ሰው የተከፈቱት ይበቁታል። ባዝ ከተማ ያለው የኮምብ ዳውን ዋሻ 1,672 ሜትር ነው፣ በ2013 ለእግረኛና ለሳይክል ተከፈተ፣ መብራት አለው። ደርቢሻየር ያለው የሞንሳል መንገድም ስምንት ማይል ተኩል ነው፣ በ1968 ከተዘጋ መስመር ላይ የተሰራ፣ ዋሻዎቹ በ2011 ተከፍተዋል። እዛ ሸለቆውን የሚሻገረው የሄድስቶን ድልድይ በመሰራቱ ጸሐፊው ጆን ረስኪን ሸለቆውን አበላሻችሁት ብሎ ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር፣ ዛሬ ሰው ሸለቆውን ፎቶ የሚያነሳው ድልድዩን መሃል አድርጎ ነው።

ባዝን ካነሳሁ አይቀር ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሀበሻ ባዝ የሚሄደው ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን ፌርፊልድ ሀውስን ለማየት ነው፣ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ግን ቤቱ ያለበት የኒውብሪጅ ሰፈር ከብሪስቶል የሚመጣው የድሮ የባቡር መስመር የሚያልፍበት ነው፣ የብሪስቶልና ባዝ የሳይክል መንገድም 13 ማይሉን ጨርሶ የሚያበቃው እዛው አካባቢ ነው። ከ1979 እስከ 1986 በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የተሰራ ነው፣ አገሩ ላይ ለመጡት የሳይክል መንገዶች በር የከፈተም እሱ ነው። በማንጎትስፊልድ የጣቢያው ግድግዳና ፕላትፎርም ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሟል፣ ቢተን ላይ ደሞ በጎ ፈቃደኞች የሚነዱት የእንፋሎት ባቡር ከመንገዱ ጎን ይሄዳል፣ መሃል ባዝ ያለው በ1966 የተዘጋው የግሪን ፓርክ ጣቢያ የብረትና የመስታወት ጣሪያው እንዳለ ነው፣ ከስሩ ገበያ ይቆማል። እባካችሁ አንድ ቀን ሙሉ ስጡት።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት ሌላ አገልግሎት የተሰጠውን ነገር እንደ ጠፋ መቁጠር ነው። ኖቲንግሃም ቪክቶሪያ ጣቢያ ፈርሶ የገበያ ማዕከል ሆኗል፣ የሰዓት ማማው ግን ከፊት ለፊቱ ቆሟል። ከካምብሪጅ ወደ ሴንት አይቭስ የሚሄደው መስመር ከ2011 ጀምሮ አውቶቡስ በኮንክሪት ቦይ ተመርቶ የሚሮጥበት ነው። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ ከካምብሪጅ ወጣ ብሎ ሎርድስ ብሪጅ የሚባለው ቦታ ነው፣ የድሮው መስመር ቀጥ ብሎ ምስራቅና ምዕራብ ስለሚሄድ የዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስቶች የራዲዮ ቴሌስኮፖቻቸውን በ1970ዎቹ መጀመሪያ እሱ ላይ ተከሏቸው፣ ባቡር ይሄድበት ከነበረው መሬት ላይ ሰማይ አጠኑ።

ትንንሽ ነገሮችን ረግጦ ማለፍ ደሞ በጣም ያሳዝነኛል። በየሩብ ማይሉ የተተከለ የርቀት ምልክት፣ የዳገቱን መጠን የሚናገር ግንድ፣ የኩባንያው ስም መነሻ ፊደላት የተቀረፁበት የወሰን ድንጋይ፣ እነዚህ ናቸው መስመሩ የማን እንደነበረ የሚነግሯችሁ። አጥሩንም እዩ። ግሬት ዌስተርን የሚባለው የባቡር ኩባንያ በ1892 በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው ርቀት ሰፊ የነበረውን መስመሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነሳ የድሮውን ሐዲድ ቆራርጦ የአጥር ግንድ አድርጎታል፣ ጫፉን ስታዩት ባርኔጣ የመሰለ ቅርፅ አለው፣ የእርሻ አጥር መስሏችሁ ተደግፋችሁት ታርፋላችሁ። አግኝታችሁ ከሆነ ፎቶ አንሱና ተዉት። ተነቅሎ ሳሎን የገባ የወሰን ድንጋይ ምንም አይናገርም፣ ባለቤት ካለው መሬት ስለተወሰደም ስርቆት ነው።

የመጨረሻው ስህተት እስካሁን ቆሞ ስላለ ነገም ይኖራል ማለት ነው። ከተዘጉ መስመሮች የተረፉ ከ3,100 በላይ ድልድዮች፣ ዋሻዎችና ሌሎች ግንባታዎችን በመንግስት ስም የሚያስተዳድረው ናሽናል ሃይዌይስ ነው፣ የመኪና መንገድ መስሪያ ቤት። በ2021 ከምብሪያ ውስጥ ግሬት መስግሬቭ የሚባል መንደር ያለውን የ1862 ድልድይ ከስሩ በድንጋይና በኮንክሪት ሞሉት፣ ከ1000 ቶን በላይ፣ በዛ በኩል ሁለት የቅርስ መስመሮችን አንድ ቀን ለማገናኘት ተስፋ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ሰው ዝም አላለም፣ በመቶዎች የሚቆጠር ተቃውሞ ገባ፣ በ2022 የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ከስራው በኋላ የተጠየቀውን ፈቃድ ከለከለ፣ በ2023 ያ ሁሉ ኮንክሪት ተቆፍሮ ወጣ። የመሬቱን ጉዳይ ደሞ ከኤዲንብራ ወደ ትዊድባንክ የሚሄደው መስመር ያሳያችኋል፣ በ1969 ተዘጋ፣ በ2015 ሲመለስ የከተማው ቀለበት መንገድ መስመሩን ቆርጦት ስለነበር ከመንገዱ ስር አዲስ መተላለፊያ መስራት ግድ ሆነ፣ መሬቱ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ አይኖርም ነበር። ስለዚህ በሰፈራችሁ ያለ የድሮ ድልድይ ካለ ፎቶውንና የካርታ ቁጥሩን አሁን ያዙ፣ የካውንስላችሁን የፕላን ማመልከቻ ገፅ አልፎ አልፎ ተመልከቱ፣ እሱን የሚነካ ነገር ከመጣ የአስተያየት መስጫ ቀኑ ሳያልፍ ፅፋችሁ ላኩ።