ጽሑፉ ወጣ፣ ደንበኛው ግን አልመጣም፦ ችግርና መፍትሄ

ፊደል መልቀም፣ ሊንኮቹ መሥራታቸውን ማየት፣ በስልክ ከፍቶ መፈተሽ። እነዚህን ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የማወራው ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ስለሚመስል፣ ግን ሥራውን ስለማይሠራ ጽሑፍ ነው። ሥራው ደግሞ የታወቀ ነው፦ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ሰው ወደ ምርታችሁ ወይም ወደ አገልግሎታችሁ ማምጣት።

ምልክት፦ ጉግል ላይ ጭራሽ አይታይም

ሰርች ኮንሶል (ጉግል ድረ ገጻችሁን እንዴት እንደሚያየው የሚያሳየው የራሱ መሣሪያ) ውስጥ የገጹን አድራሻ አስገብታችሁ መርምሩ። አንዳንዴ ድረ ገጹ ሲሠራ ለሙከራ የተቀመጠ «ኖኢንዴክስ»፣ ማለትም ገጹ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ የሚያዝ ምልክት፣ ሳይነሳ ይቀራል። አንሱት፣ አለቀ። ጉግል ገጹን ጎብኝቶት ነገር ግን አላስገባውም የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን ቴክኒኩ ላይ ብዙ አትድከሙ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከታች «ተከፈተ፣ ወዲያው ተዘጋ» በሚለው ምልክት ሥር ያለው ነው።

ምልክት፦ ይታያል፣ ማንም አይከፍተውም

መጀመሪያ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሚወጣ እዩ። ሦስተኛ ገጽ ላይ ከሆነ ርዕሱን አትውቀሱ። ከላይ እየወጣ ካልተከፈተ ግን ጥፋቱ የርዕሱ ነው። «ስለ ቆዳ ጫማ አያያዝ ማወቅ ያለብዎት ነገሮች» ለማንም ምንም አይልም። «ዝናብ የመታው የቆዳ ጫማ ሲደርቅ ነጭ እድፍ የሚያወጣው ለምንድን ነው?» የሚለውን ግን ጫማው የነጣበት ሰው ይከፍተዋል። ርዕሱ የጠየቀውን ጽሑፉ ውስጥ መመለስ እንዳትረሱ ብቻ።

ምልክት፦ ተከፈተ፣ ወዲያው ተዘጋ

በተደጋጋሚ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ሰዎች ሲመጡ ግን «ኤስኢኦው (ጉግል ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የተሠራው ሥራ) አልሠራም» ብለው ነው የሚመጡት። ቁልፍ ቃል እንጨምር? ጽሑፉን እናርዝመው? ምስል እናስገባ? አይደለም። ጸሐፊው የሚለው ነገር አልነበረውም። በቃ።

አንድ ውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ያስጻፈውን ረጅም ጽሑፍ አሳየኝ። «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ሰውነታችን ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ይነግረናል። ከዚያ «ጥራት ያለው ማጣሪያ መምረጥ ወሳኝ ነው» ይላል። ጥራቱ በምን ይታወቃል? እሱን አይነግረንም። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ «ዛሬውኑ ይደውሉልን» ላይ ያርፋል።

ባለቤቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ ሰዎች ከገዙ በኋላ ስለ ምን ይደውሉልሃል? ሳያስብ መለሰ። «ውሃው ጥቁር ሆኖ ወጣ ይሉኛል፣ ደግሞ ማንቆርቆሪያው አሁንም ነጭ ይይዛል ይሉኛል።» ጽሑፉ እኮ እዚያው ነበር! አዲስ የካርቦን ማጣሪያ መጀመሪያ ላይ የደቀቀ ከሰል ይለቃል፤ ጥርት እስኪል ውሃ አፍስሶ መድፋት ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግረው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው፤ ተራ የካርቦን ማጣሪያ አያስቀረውም። ለዚያ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሰውየው ደነገጠ። «ይህን ከጻፍን ማን ይገዛናል?» አለ። ለማንቆርቆሪያው ብሎ ካርቦን የሚገዛው ሰው እኮ ማጣሪያውን ተሸክሞ ይመለሳል። ባይገዛ ይሻላል። ለክሎሪን ሽታ የፈለገው ግን ትክክለኛውን መርጦ ይገዛል፣ ስለ ጥቁሩ ውሃም አይደውልም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ባትሪ ሻጭ ነው። ጽሑፉ «የስልክዎን ባትሪ እድሜ ለማራዘም ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ቻርጅ ያድርጉ» ይላል። ይህ የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ምክር ነው። የዛሬ ስልክ ባትሪ ሊቲየም ነው፤ በየጊዜው ባዶ ማድረግ ይጎዳዋል። ጸሐፊው ከየት አመጣው? ከሌላ ጽሑፍ። ያኛውስ? ከሌላ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ባትሪ የሚቀይሩ ልጆች ነበሩ፤ አንዳቸውን ቢጠይቅ በአንድ ደቂቃ ያርሙት ነበር። ሦስት ጽሑፍ ከፍቶ አራተኛ መፈብረክን ጥናት የሚሉት ሰዎች ያናድዱኛል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ድሮ አንድን ጽሑፍ በሶፍትዌር ቃላቱን እያገላበጡ የጽሑፍ ማከማቻ ድረ ገጾች ላይ መበተን ሥራ ነበር። ጉግል በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ፓንዳ የተባለውን ማሻሻያ ሲያወጣ እነዚያ ማከማቻዎች ክፉኛ ወደቁ። በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ መጣና ደረጃ ለማግኘት የሚደረገውን የሊንክ ማጭበርበር መታ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ጽሑፍን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ሰው ይጻፈው ማሽን ለውጥ የለውም። ስለዚህ «በኤአይ ስለተጻፈ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ባዶ ስለሆነ ነው።

*መፈተሻው፦* የድርጅታችሁን ስም ከጽሑፉ ላይ አውጡ። ተፎካካሪያችሁ የራሱን ስም አስገብቶ አንድ ቃል ሳይቀይር ሊለጥፈው ከቻለ ጽሑፉ ውሃ አያነሳም።

*መፍትሄው፦* አርትዖት አይደለም። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጻፍ መረጃ መሰብሰብ ነው። ስልክ የሚያነሳውን፣ የተመለሰ ዕቃ የሚቀበለውን፣ ጥገናውን የሚሠራውን ሰው አነጋግሩ። ምን ይበላሻል? ሰው ምን ብሎ ገዝቶ ምን ያገኛል? «አይሆንህም፣ አትግዛ» የምትሉት ለማን ነው? በተለይ ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሉ። ከዚያ መልሱን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጡ። መጠኑን፣ ቅደም ተከተሉን፣ የማይሠራበትን ሁኔታ ጻፉ። «በዛሬው ዘመን» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ ሰርዙ።

ጥያቄውን በኢሜይል አትላኩ፤ የብሮሹር ቋንቋ ነው የሚመለስላችሁ። ደውሉ ወይም ሂዱ። የግብይት ኃላፊውን ብቻ አታነጋግሩ። የቃላት ብዛት ተመን አታውጡ፤ ጉግል በቃላት ብዛት ደረጃ አይሰጥም፣ ጸሐፊው ግን ተመኑን ለመሙላት ውሃ ይጨምራል። ያልሞከራችሁትን «ሞክረነዋል» አትበሉ። በቃላት ብዛት የሚከፈለውን ጸሐፊም አትውቀሱት፤ ለዝርዝሩ ሳይሆን ለርዝመቱ ከፍላችሁታል።

ምልክት፦ ይነበባል፣ ማንም አይደውልም

ወይ ጽሑፉ የሚያገለግለው ራሱ ጠግኖ የሚሄደውን ሰው ብቻ ነው፣ ወይ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አልተነገረም። ማንቆርቆሪያ የነጣበት ሰው ካርቦን እንደማይረዳው ያነበበበት መስመር ላይ የሚረዳውን መሣሪያ ሊንክ አስቀምጡለት። አንድ ሊንክ። አምስት ከደረደራችሁ አንዱንም አይነካም።

ምልክት፦ የእኛው ጽሑፍ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ከእኛ በልጦ ይወጣል

እንዲለጥፉት ፈቅዳችሁ ከሆነ እነሱ ጋር ያለው ቅጂ ላይ ኖኢንዴክስ እንዲያደርጉ ጠይቁ። ካኖኒካል ታግ (ዋናው ቅጂ የትኛው እንደሆነ ለጉግል የሚጠቁም ምልክት) ብቻውን ለዚህ በቂ እንዳልሆነ ጉግል ራሱ ይላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለእነሱ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ነው።

ምልክት፦ ሲሠራ የኖረው ጽሑፍ ወረደ

ይዘቱ አርጅቷል፣ ወይም የተሻለ የጻፈ ሰው መጥቷል። ከእናንተ በላይ የወጡትን አንብቡና የጎደላችሁን ሙሉ። ቀኑን ብቻ ቀይሮ «የታደሰ» ማለት አይሠራም፤ አንባቢው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከገበያ የጠፋ ሞዴል ሲያገኝ ዘግቶት ይሄዳል።