የመጠጥ ውሃን መርዛማነት በሰላጣ ዘር እንዴት መፈተሽ ይቻላል

በውሃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ብዙ ጊዜ ሽታም ቀለምም የለውም። የሰላጣ ሥር ግን ስስ ነው፤ መዳብ፣ ዚንክ ወይም ፀረ አረም በብዛት ሲያገኘው እድገቱ ይገታል። ፍተሻው 5 ቀን ይፈጃል።

ክዳን ያላቸው ፔትሪ ዲሾች (ክብና ዝርግ የላቦራቶሪ ሳህኖች)፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ ስሪንጅ፣ ወረንጦ፣ ማስመሪያ፣ ዲስቲልድ ውሃ (ከእንፋሎት የተሰበሰበ ንጹህ ውሃ)ና መድኃኒት ያልነካው የሰላጣ ዘር ያዘጋጁ። ቀለም የተቀባ ዘር አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ፀረ ፈንገስ የተቀባ ነው።

1. ሁለት ጠርሙሶችን በሚቀዱት ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቀው እስከ አፋቸው ይሙሉ። አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ውሃው ክሎሪን ካለው ከሌላኛው ላይ ቀንሰው አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ክፍት ይተዉት፤ አለዚያ ሥሩን የጎዳው ክሎሪኑ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አይቻልም። አያፍሉት፤ ሲፈላ ተናኙ ይጠፋል፣ የማይተነው ደግሞ ይበረታል።

2. ውሃውን እንዳለ፣ ግማሽ በግማሽ የተበረዘ፣ ሩብ ብቻ የያዘ አድርገው በዲስቲልድ ውሃ ያዘጋጁ። ለማነጻጸሪያ ባዶ ዲስቲልድ ውሃ፣ ዘሩ ጉዳት ማሳየት መቻሉን ለማረጋገጥ ደግሞ በሊትር 10 ግራም ጨው የገባበት ውሃ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ 3 ዲሽ ይመድቡ።

3. ወረቀቱን አንጥፈው 4 ሚሊ ሊትር ያፍስሱ፣ 20 ዘር አራርቀው ይደርድሩ። ዘሩ በውሃ ከተዋጠ አየር ያጣል። ከድነው በፕላስቲክ ይጠቅልሉና ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ጨለማ ቦታ ያኑሩ። ከ28 ዲግሪ በላይ ብዙ የሰላጣ ዘር በሙቀቱ ብቻ መብቀል ያቆማል።

4. በ5ኛው ቀን ሥሮቹን ይለኩ። ቡቃያውን በወረንጦ አንስተው ሲያዩት ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ውፍረቱ ድንገት የሚለወጥበት ቦታ አለ፤ ልኬቱ ከዚያ እስከ ሥሩ ጫፍ ነው። በማነጻጸሪያው ዲሽ ከ20ው 18 ካልበቀሉ ሙከራውን ይድገሙት።

የማነጻጸሪያው አማካይ 30፣ የናሙናው 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን እድገቱ በ40 በመቶ ተገትቷል ማለት ነው። ውሃው በተበረዘ ቁጥር ጉዳቱ ከቀነሰ መንስኤው ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ሲበረዝም ካልተለወጠ ዲሹን ወይም ዘሩን ይጠርጥሩ።

ሥሩ ስላማረ ውሃውን አይጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአርሴኒክ በሊትር 0.01፣ ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ሰላጣ ይህን ያህሉን አይለይም። ናይትሬትማ ለሕፃናት አደገኛ ሆኖ ሳለ ቡቃያውን ያፋፋዋል። እነዚህ በትክክል የሚለኩት በላቦራቶሪ ስለሆነ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩትን ጠርሙስ ወደዚያ ይላኩ።