ጥፋቱ የኮርማው ነበር
ሰንዳፋ አጠገብ ከማረባቸው 11 የሥጋ ላሞች ሰባቱ በየ21 ቀኑ እንደገና ኮርማ ይፈልጉ ነበር። እኔ መኖውን ስወቅስ ከረምኩ፤ ለፉርሽካ ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል። የእንስሳት ሐኪሙ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣቸው በኩል ማህፀናቸውን ዳበሰ፤ ያረገዙት አራት ብቻ ናቸው። ከዚያ ወደ ኮርማው ዞረ። የቆለጡ ዙሪያ 34 ሴንቲሜትር፣ መጠኑስ ደህና ነው፤ ነገር ግን አንዱ ወገን አብጦ ይተኩሳል። ዘሩም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለበት ከመንቀጥቀጥ በቀር ወደፊት የሚዋኝ የለም። ቆለጥ ሊያሳብጥ ለሚችለው ተላላፊ በሽታ፣ ለብሩሴሎሲስ፣ ደሙን አስመረመርኩ፤ ነጻ ነው። አዲስ ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ ግን ኮርማውን ለየሁት። ጠዋት ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) ያየሁባትን ማታ፣ ማታ ያየሁባትን በማግስቱ ጠዋት በሰው ሠራሽ ዘዴ አስዳቀልኩ። ከ60 ቀን በኋላ በተደረገው ዳሰሳ ከሰባቱ አምስቱ አርግዘዋል።