የአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ሜዳሊያዎችን በኦንላይን ጨረታ ለመሸጥ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ የብሪታንያ ወታደሮች የተሰጠ ሜዳሊያ በእጅዎ ገብቶ በኦንላይን ጨረታ ለመሸጥ ካሰቡ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አያጽዱት። በብሩ ላይ በዘመናት ብዛት ያረፈው ጥቁረት ሰብሳቢዎች የሚወዱት የዕድሜው ምስክር ሲሆን፣ ደጋግመው በፈገፈጉት ቁጥር የጠርዙ ጽሑፍም አብሮ ይሳሳል።

ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ጽሑፍ ነው። ከብር የተሠራውን የጦርነት ሜዳሊያ በመብራት ሥር ቀስ አድርገው ሲያዞሩት፣ የወታደሩ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል በጠርዙ ላይ ታትመው ይታያሉ፤ በ1914-15 ኮከብ (በኮከብ ቅርጽ በተሠራው የዚሁ ጦርነት ሌላ ሜዳሊያ) ላይ ግን ጽሑፉ የሚገኘው በጀርባው ነው። ስሙን ለንደን፣ ኪው ከሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሜዳሊያ ካርዶች (ለማን የትኛው ሜዳሊያ እንደተሰጠ የተመዘገበባቸው ካርዶች) ጋር አመሳክረው ያገኙትን በመግለጫው ውስጥ ያስፍሩ። የአንድ ሰው ሜዳሊያዎች አብረው ካሉ ለየብቻ አይሽጧቸው፤ አንዴ የተበተነን ስብስብ መልሶ ማገናኘት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት እቆጥረዋለሁ።

የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ በቀን ብርሃን ያንሱ። ስሙ ተፍቆ ከሆነ ወይም ሪባኑ በአዲስ ከተተካ በግልጽ ይጻፉ። መነሻ ዋጋ ሲወስኑ ሌሎች ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን፣ በተጠናቀቁ ጨረታዎች በእርግጥ የተከፈለውን ይመልከቱ። ሲልኩም መድን በተገባለትና መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ይላኩ።